ላዳ ወይስ ዲኤክስ? የሁለት አሮጌ መኪኖች ታሪክ ከቶሊያቲ እስከ ቡሬ

እውነቱን እንነጋገር። በዚህ አገር አንድ ደሞዝተኛ ወጣት ‹‹የስፖርት መኪና ልግዛ›› ቢል የሚስቅበት እንጂ የሚሰማው አያገኝም። ፖርሽና ቢኤምደብሊው የሌላ ሰው ወሬ ናቸው። ግን ዓይናችንን ትንሽ ዝቅ ብናደርግ፣ በየጋራዡ ደጃፍ አቧራ ለብሰው የቆሙ፣ ሞተራቸው ከፊት ጉልበታቸው ከኋላ የሆነ፣ ቀለል ያሉ፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ያልነካቸው ሁለት መኪኖች አሉ። አንዱ ላዳ ነው። ሌላዋ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። የዘር ሐረጋቸው ሲቆጠር ሁለቱም እሽቅድምድም ሜዳ ይደርሳሉ። (አትሳቁ፣ እናስረዳለን!)

መቼም ጥያቄው የቅንጦት ይመስላል፤ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ (ቁጥር 1186) አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን ኪስ የሚያቃጥል ነገር አደረገው። በጥር 2016 ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል አይገባም ተባለ። እናም በቤንዚን የሚሄድ ርካሽ መኪና የሚፈልግ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ቀድሞ አገር ውስጥ በገባው ላይ ነው። እሱንም የሚገዛው ዕቁብ ወጥቶለት፣ ወንድም እህት አዋጥቶ፣ ከውጭ ያለ ዘመድ ጨምሮለት ነው። ያ ገንዘብ አንዴ ከወጣ አይመለስም። የተሳሳተ መኪና የገዛ ሰው ሁለት ዓመት መካኒክ ሲቀልብ ይኖራል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ታሪክ ማንበብ አይከፋም ብለናል።

በመጀመሪያ ስለ ‹‹ኋላ ጎማ›› ነገር። የዛሬዎቹ ትንንሽ መኪኖች አብዛኞቹ የሚጎተቱት በፊት ጎማቸው ነው። ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ መሪውም፣ ጉልበቱም እዚያው ፊት ላይ ተጠቅጥቋል። ለፋብሪካው ይረክሳል፣ ለተሳፋሪው ቦታ ይለቃል። የድሮው ሥርዓት ግን ሥራ ይከፋፍል ነበር፤ የፊት ጎማ ይመራል፣ የኋላ ጎማ ይገፋል፣ በመካከል ከመኪናው ሆድ ስር አንድ ረጅም ዘንግ ይሽከረከራል። መንዳት የሚወድ ሰው ይህን የሚወደው መሪው ንጹህ ስለሆነ ነው፤ ሞተሩ እጅህን አይጎትትህም። ኩርባ ላይ ነዳጅ ስትረግጥ ደግሞ የኋላው ጎማ መንገዱን ይለቅና መኪናው ጅራቱን ይጥላል። ለሚያውቀው ጨዋታ ነው፤ ለማያውቀው ገደል ነው። (በነገራችን ላይ ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ በኋላ ጎማ የሚገፋ ተሽከርካሪ ሞልቷል፤ ባጃጅ ይባላል። ሞተሩም እንደ ፖርሽ ከኋላ ነው። ከፊት የሚጎተተው ጋሪ ብቻ ነው።)

እንግዲህ በዕድሜ ከሚበልጠው እንጀምር። የውጭውን ዓመት በፈረንጅ፣ ‹‹ዓ.ም.›› ያልንበትን በእኛ አቆጣጠር አንብቡልን።

ፊያት በ1966 አንድ መቶ ሃያ አራት የምትባል መኪና አወጣ። ሳጥን የመሰለች፣ ቀጥ ቀጥ ያለች፣ ግን ብልህ መኪና ነበረች። በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተሸለመች። አራቱም ጎማዎቿ ዲስክ ፍሬን ነበራቸው፤ በዚያ ዘመን ለተራ የቤተሰብ መኪና ይህ ብርቅ ነው። ከዚሁ ቤት ጣራዋ የሚከፈት ‹‹124 ስፖርት ስፓይደር›› ወጣችና፣ የራሊ ልብስ ለብሳ በ1972 የአውሮፓን የራሊ ሻምፒዮና በላች። የላዳ አክስት እሷ ናት።

ሶቪየቶች በዚያው በ1966 ከፊያት ጋር ተፈራረሙ። ፋብሪካው የተተከለው ቮልጋ ወንዝ ዳር፣ በጣሊያኑ የኮሚኒስት መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም በተሰየመች ከተማ ነው። (ለጣሊያን መኪና የሚሆን የጣሊያን ስም ከወዲሁ ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው።) የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በሚያዝያ 1970 ወጡ። ግን እንዳለች አልተቀዳችም። የሩሲያን መንገድ ስትሞክረው ስላልቻለችው ከ800 በላይ ለውጥ ተደረገባት። ላሜራዋ ወፈረ፣ ከመሬት ከፍ አለች፣ ጭቃና አሸዋ ቶሎ የሚበላው የኋላ ዲስክ ፍሬን ወጥቶ በቦታው የከበሮው ዓይነት ገባ፣ ሞተሩም ካምሻፍቱ ከላይ በሆነ አዲስ ሞተር ተተካ። ባትሪ ብርድ ገድሎት ሲያድር በእጅ አዙሮ ማስነሻ ብረት ሳይቀር ተጨመረላት። ቱሪን ላይ ሴት ልጅ ሆና የተወለደችው መኪና ቮልጋ ዳር ወንድ ሆና ወጣች። ከዚህ በኋላ ‹‹እሱ›› እንለዋለን።

ላዳ ወደ አገራችን የመጣው ከደርግና ከሞስኮ ወዳጅነት ጋር ነው። ከእሱ በፊት የአዲስ አበባን ታክሲ የያዘችው ሌላዋ የፊያት ልጅ ሰይቼንቶ ነበረች፤ ያቺ ሞተሯ ከኋላ የሆነው፣ ኤሊ የምታክለው። ላዳ ሰማያዊና ነጭ ለብሶ ቦታዋን ሲወስድ ስሙ ራሱ ታክሲ ማለት ሆነ። ‹‹ላዳ ያዝና ና›› ሲባል ማንም የፋብሪካውን ስም አያስብም። ይህ ክብሩ ነው፤ ውርደቱም ነው። ሕዝብን ሲያመላልስ የኖረ መኪና ሙሽራ አይጭንም። ኋላ ቢጫዎቹ ታክሲዎች፣ ከዚያም በስልክ የሚጠሩት መጡና ላዳን ከአደባባይ ወደ ሰፈር ገፉት። ፋብሪካውም ይህን የድሮ ዓይነት ላዳ እስከ 2012 ሠርቶ አቆመ።

እና የስፖርቱ ነገር የት አለ? ቪልኒየስ፣ ሊቱዌኒያ። ስታሲስ ብሩንድዛ የሚባል የራሊ ነጂ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከላዳ 2105 ላይ ተነስቶ ‹‹ቪኤፍቲኤስ›› የተባለ የውድድር መኪና አወጣ። ያው ሳጥን፣ ያው የኋላ ጎማ፣ ግን 160 ፈረስ ጉልበት ገደማ፤ ከተራው ላዳ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ሀንጋሪ ውስጥ ወጣቶች እስከ ዛሬ በላዳ ጭቃ ላይ ይሽቀዳደማሉ። እኛ አገር ግን ላዳን አንገቱ እስኪሰበር ጭነት ጫንበት እንጂ አንድ ቀን ‹‹እስቲ ሩጥ›› ያለው የለም።

አሁን አንድ የሚያስደንቀን ነገር አለ። ጋራዥ ስትሄዱ የምትሰሙትን ቋንቋ ልብ በሉ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ጎማ፣ ካቻቢቴ። የመኪናው ወረቀት ሊብሬ፣ ቁጥሩ ታርጋ፣ የዓመቱ ምልክት ቦሎ። ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያን ለአምስት ዓመት ገብቶ የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው፤ ቋንቋው ግን መኪና ስር ተኝቶ ቀረ። እናላችሁ ላዳ ‹‹ከሩሲያ›› ሲመጣ፣ የአዲስ አበባም የባሕር ዳርም መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ፣ የሚያየው ነገር ሁሉ ስም ነበረው። ማንዋሉ በሩሲያኛ ቢጻፍም ብረቱ ጣሊያንኛ ይናገራል። ላዳ እዚህ አገር ቶሎ የተለመደው በርካሽነቱ ብቻ ነው የሚሉትን አንቀበልም። መካኒኩ አባቱን ያውቀው ነበር።

ዲኤክስ ሌላ ጨዋታ ናት። ስሟ ‹‹ዴሉክስ›› ከሚለው ያጠረ የደረጃ ስም ነው። ጃፓን ውስጥ ይህ ስም የሚለጠፈው ከደረጃዎቹ ዝቅ ባለው ላይ መሆኑን ስንሰማ ትንሽ አዝነናል፤ እኛ አገር ‹‹ዲኤክስ›› ሲባል ሰው ቀና ብሎ ነው የሚያየው። እኛ ዲኤክስ የምንላት በፋብሪካ ስሟ ኬኢ70 የምትባለው ኮሮላ ናት። በ1979 ጃፓን ላይ ወጣች። ሞተሯ ‹‹4ኬ›› ይባላል፤ 1290 ሲሲ፣ ባለ አንድ ካርቡራተር፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ሳይሰለች የሚሠራ። ጉልበቱ ከላዳው 1200 ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም ስልሳ ፈረስ ጉልበት አካባቢ ይንቀዋለላሉ።

ታሪኩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። በ1983 ቶዮታ ቀጣዩን ኮሮላ ወደ ፊት ጎማ አዞረው። የቤተሰቡ መኪና ሁሉ ሲዞር ግን ሁለት ባለ ስፖርት ልጆች፣ ሌቪንና ትሩኖ፣ በአሮጌው ሥርዓት ቀሩ። ከታች ያለው አካላቸው የተወረሰው ከዚችው ከእኛ ዲኤክስ ነው። ላዩ ላይ 1600 ሲሲ፣ ባለ 16 ቫልቭ ሞተር ተጫነበትና ኤኢ86 የምትባለው ዓለም ያበደላት መኪና ተወለደች። ኬይቺ ሱቺያ የሚባለው ጃፓናዊ ጅራት መጣልን ጥበብ ያደረገው በእሷ ነው። ሺጌኖ ሹዪቺ በ1995 የጀመረው ‹‹ኢኒሻል ዲ›› የተባለው የሥዕል ታሪክ ጀግናም የቶፉ ሻጭ ልጅ ነው፤ ሌሊት ሌሊት በአባቱ ኤኢ86 ቶፉ እያደረሰ፣ ተራራ ሲወርድ የሀብታም ልጆችን መኪና ይቀድማል። ቁልቁለት ላይ የሞተር ጉልበት ብዙ አይጠቅምም፤ ቀላል መሆንና ፍሬን ማወቅ ነው የሚጠቅመው። ይህን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ዲኤክስ ሲያይ ለምን ልቡ እንደሚደነግጥ ይገባናል። የአዲስ አበባ ልጆች ዝቅ አድርገዋት፣ ሰፊ ቸርኬ አስረውላት፣ ማርሚታዋን አስጩኸው ሲነዷት የአክስቷን ልጅ እየጠሩ ነው።

ጎረቤታችን ኬንያም ይህን ታውቀዋለች። በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ፔጆ 404 በ1966፣ በ67 እና በ68 በተከታታይ አሸነፈ፤ ዳትሰን 240ዜድ በ1971ና በ73፤ ቶዮታ ሴሊካ ከ1984 እስከ 86። ሁሉም በኋላ ጎማ የሚገፉ ናቸው። አቧራው ያው የእኛው አቧራ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። መኪናው የሚፈተነው ቦሌ ላይ አይደለም፤ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጎሃ ጽዮን፣ አባይ በረሃ፣ ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ከዚያ ፍኖተ ሰላም፤ ቀጥሎ ማንኩሳ (የበዛብህ አገር፣ እሱ እንኳን መኪና አላስፈለገውም)፣ ቡሬ፣ ኮሶበር፣ ዳንግላ፣ መራዊና ቆጋ፣ ባሕር ዳር። አባይ በረሃ ላይ ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,000 ሜትር አካባቢ ትወርዱና ያንኑ ያህል መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ጃፓኖች የሠሩት አዲሱ የሕዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ተከፍቷል፤ ዳገቱን ግን ድልድይ አያሳጥረውም።

ካርቡራተር ያለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል። ደጋው ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚኑ ግን እንደዚያው ይፈስሳል። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ ስልሳው ፈረስ እዚያ ሲደርስ ሃምሳ እንኳን አይሞላም። አምስት ሰውና ሁለት ኩንታል ጭናችሁ የአባይን ዳገት በሙቀት ስትወጡ ሁለቱም መኪኖች ይንተከተካሉ። ሲወርዱ ደግሞ የሁለቱም የኋላ ፍሬን የከበሮ ነው፤ ፍሬን ላይ ተኝታችሁ ከወረዳችሁ ይሞቅና አይዝም። በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዛችሁ። ‹‹ነዳጅ ለመቆጠብ›› ብለው ማርሽ አውጥተው በባዶ የሚወርዱ ሰዎች አሉ፤ እነሱን በሩቁ ነው።

ይህ መንገድ ራሱ የመኪና ታሪክ ያለበት ነው። የቡሬና የደብረ ማርቆስን መንገድ ለመኪና የጠረገው ጣሊያን ነው፤ ምሽጎቹንም በዚያው መስመር ላይ ደረደረ። በጥር 1933 ዓ.ም. ጃንሆይ በኦሜድላ ሲገቡ፣ የዊንጌት ጌድዮን ጦር የመጣው ግን 15 ሺህ ያህል ግመል ይዞ ነው። ቆላው ላይ መኪና አላራምድ ብሎ ነበርና። ግመሎቹ የጎጃምን አቀበት ሲወጡ አለቁ፤ ከሞት የተረፉት እጅግ ጥቂት ነበሩ። ከአጥቂዎቹ በብዙ እጥፍ የሚበልጠው የኮሎኔል ናታሌ ጦር ግን የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቅቆ፣ በራሱ በጠረገው መንገድ ወደ ደምበጫ ሸሸ። ወጀት ትባል የነበረችውን ከተማ ጃንሆይ በዚያው ጉዞ ‹‹ፍኖተ ሰላም›› አሏት ይባላል። የሰላም መንገድ ማለት ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በዚችው ከተማ ላይ የድሮን ነው በተባለ ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ ወር ወዲህ በዚህ መስመር ‹‹ነገ እንሄዳለን›› ብሎ መማል የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህን ያነሳነው ለሐዘን ብቻ አይደለም፣ ለምርጫውም ነው። መንገድ በሚዘጋበት፣ ነዳጅ በሃይላንድ ተቀድቶ በሚሸጥበት፣ ጋራዥ ከከተማ ወደ ከተማ በሚራራቅበት አገር መኪና የሚመረጠው በፍጥነቱ አይደለም። ሜዳ ላይ ሲቆም በአንድ ካቻቢቴ፣ በአንድ ፒንሳና በትዕግሥት ይነሳል ወይ? ነው ጥያቄው። በዚህ መስፈርት ሁለቱም ከዛሬዎቹ ኮምፒውተር ለበሶች ይበልጣሉ። ቆሻሻ ቤንዚን ካርቡራተሩን ቢዘጋው ታወርዱታላችሁ፣ ትነፉታላችሁ፣ ትመልሱታላችሁ።

ከሁለቱስ? እኛ መሐል ጭቅጭቁ አላበቃም፤ አብዛኞቻችን የደረስንበትን ግን እንንገራችሁ።

ለአስፋልትና ለከተማ ዲኤክስ ትበልጣለች። ቀላል ናት፣ ነዳጅ ትቆጥባለች፣ መሪዋ ለስላሳ ነው፣ የኋላ እግሯ ሞላ ስለሆነ (የጭነቷ ዓይነት ግን ባሌስትራ ነው) ኩርባ ላይ ትታመናለች። የ‹‹ኬ›› ሞተር ቤተሰብም ዕድሜ አለው፤ ታላቅየው 5ኬ በላይትኤስ ሚኒባስ ላይም፣ በዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ላይም ተገጥሞ ስለኖረ እሱን ፈልገው የሚቀይሩላት ብዙ ናቸው። ብትሸጧትም ገዢዋ ደጅ ላይ ነው።

ችግሩ እዚሁ ላይ ነው። ሁሉም ስለሚፈልጋት ዋጋዋ ከዕድሜዋ ጋር አይተዋወቅም። ግማሹን የምትከፍሉት ለብረቱ፣ ግማሹን ለስሟ ነው። እንደኛ አጠር ያለ ብር የያዘ ሰው የሚያገኛት ዲኤክስ ላዩዋ የሚያብረቀርቅ፣ ውስጧ ስቱኮ የሆነች፣ ሦስቴ ተጋጭታ አራቴ የተቀባች ናት። በዚያው ብር ደግሞ ከገበያው የተሻለው ላዳ ይገኛል። ታክሲ ያልነበረ፣ የአንድ ጡረተኛ መኪና ሆኖ እሑድ እሑድ ቤተክርስቲያን ሲመላለስ የኖረ ላዳ። እንዲህ ያለው ብዙ አይደለም፤ ግን አለ።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቋሪት፣ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው የጠጠር መንገድ ላይ ደግሞ ላዳው ከፍ ማለቱና ወፍራም ላሜራው ዋጋ አላቸው። ክረምት ላይ ቀዩ አፈር ሲረጥብ ሁለቱም ጅራታቸውን ይጥላሉ፤ ከኋላ ሳጥን አንድ ጆንያ በቆሎ መጫን ይረዳል፤ ጎማውን መሬት ላይ ይጫነዋል። (ቡሬ ላይ በቆሎ አይጠፋም።) ላዳ ነዳጅ ይወዳል፣ መሪው እንደ ወፍጮ ነው፣ መለዋወጫውም ከወደቁ ታክሲዎች ላይ እየተነቀለ የሚኖር ነው። ይህን እያወቅን ነው እንግዲህ፣ በያዝነው ብርና በምንሄድበት መንገድ፣ ሦስታችን ላዳ ያልነው። አንዱ ጓደኛችን አሁንም ዲኤክስ ይላል፤ እሱ ፍኖተ ሰላም ሳይሆን ሳሪስ ነው የሚኖረው።

ላዳ ለምታዩ ሰዎች፦ ምንጣፉን ከፊት ወንበር እግር ስር ገልጣችሁ ወለሉን በጣት ተጫኑት፤ ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ መልሱት፤ ከጮኸ ካምቢዮው ደክሟል። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መስኮት ዘግታችሁ ዲፍረንሻሉ ሲያለቅስ አድምጡ። መጨረሻ ላይ ሊብሬውን አስመጡና የሻንሲውን ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። አንድ ካልሆኑ ዋጋው ምንም ቢጥም፣ ባለቤቱ ቡና አፍልቶላችሁ እንኳን ቢሆን፣ አመስግናችሁ ተነሱ።